ስለ መልካም መላጊያ

መላጊያ በመጋዝ የተሰነጠቀውን ሳንቃ የሚያስተካክልና የሚያለሰልስ የአናጢ መሣሪያ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከአናጢ ዕቃ ሁሉ እንደ እርሱ ለመምረጥ የሚያስቸግር ጥቂት ነው። የመጋዝ ጥርስ በዓይን ይታያል፤ የመዶሻም ክብደት በእጅ ይመዘናል። የመላጊያ መልካምነት ግን ከታችና ከውስጥ የተሰወረ ነውና ገዢው ብዙ ጊዜ በሚያብረቀርቀው ነገር ይታለላል።

ይህ መሣሪያ እጅግ የቈየ ነው። የጥንት ሮማውያን መላጊያ ነበራቸው፤ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ ከተማም ተቈፍሮ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አናጢዎች ከጠንካራ እንጨት በተቀረጸ መላጊያ ሲሠሩ ኖሩ። ስለቱ በሽብልቅ ይጠብቅ ስለ ነበረ፥ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ በመዶሻ መምታት ያስፈልግ ነበር። ኋላም በአሜሪካ አገር በቦስቶን ከተማ ሌናርድ ቤይሊ የሚባል ሰው ስለቱ በትንሽ መዘውር ከፍና ዝቅ የሚልበትን የብረት መላጊያ አወጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1869 ዓ.ም. የስታንሌ ኩባንያ የቤይሊን የፈጠራ መብት ገዝቶ በኒው ብሪተን ከተማ መላጊያዎቹን በቍጥር እየሰየመ በብዛት ይሠራ ጀመር። አራተኛው ቍጥር አንድ ስንዝር ያህል ይረዝማል፤ ሰባተኛው ወደ 56 ሳንቲሜትር ይደርሳል። እስከ ዛሬም በብዙ አገር ያሉ አናጢዎች ቍጥሩን ብቻ ጠርተው ይግባባሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሣሪያ ስለ በዛ የእጅ መላጊያ ፈላጊው አነሰ፤ አሠራሩም ችኰላ የበዛበት ሆነ። በ1981 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር ቶማስ ሊ ኒልሰን የሚባል ሰው በሜይን አውራጃ የጥንቱን መልካም መላጊያ አብነት አድርጎ ይሠራ ጀመር። በካናዳም በኦታዋ ከተማ ቬሪታስ የሚባለው መላጊያ ይሠራል። እንዲህ ያለው መላጊያ ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ ነው፤ አራተኛው ቍጥር 300 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ሰው ስለ ምን ይህን ያህል ይከፍላል? መልሱ ከሚከተለው ታሪክ ይታያል።

በአሜሪካ አገር አንድ ወጣት አናጢ ነበረ። አንዲት ባልቴት አንድ ሰፊ ሳንቃ አምጥታ የገበታ ፊት እንዲያደርግላት ሰጠችው። ሳንቃው አባቷ በልጅነቷ ጊዜ በደጃቸው ከተከለው ቼሪ ከሚባል ዛፍ የተሰነጠቀ ነበረ። ዛፉን ነፋስ ስለ ጣለው ሌላ እንዲህ ያለ ሳንቃ አይገኝም ነበር። በመካከሉም ጉጥ ነበረበት፤ የወጣቱ አሮጌ መላጊያ ደግሞ ጉጥ ባጋጠመው ጊዜ ሁሉ እንጨቱን ይቀድ ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት ያጠራቀመውን 400 ዶላር ይዞ፥ ሙያ ካስተማረው ሽማግሌ ጋር ወደ መሣሪያ መሸጫ ሄደ።

በዚያም ነሐሱ እንደ ወርቅ የሚያበራ፥ እጀታው በቀይ ቀለም የተወለወለ መላጊያ አየ። ዋጋውም መጠነኛ ነበረ። «ጌታዬ፥ ይህን እገዛለሁ» አለ።

ሽማግሌው «ልጄ፥ አስቀድመህ ገልብጠው» አለው። ከዚያም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በመላጊያው ታችኛ ገጽ ላይ አቁሞ ወደ መስኮቱ አቀናው። በማስመሪያውና በብረቱ መካከል ቀጭን ብርሃን ታየ። ገጹ በመካከሉ ጐድጕዶ ነበር።

ይህ ጕድጓድ ከጠጕር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ጕዳቱ ግን ትልቅ ነው። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ከውጭ ያለው ፈጥኖ፥ ከውስጥ ያለው ዘግይቶ ይበርዳል፤ ስለዚህ በውስጡ መወጣጠር ይቀራል። ብልህ ሠሪ ብረቱን እንደ ገና በእሳት አሙቆ በቀስታ ያበርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ገጹን ያስተካክላል። የቸኰለው ሠሪ ግን ወዲያው ያስተካክለዋል፤ ብረቱም ከተሸጠ በኋላ ይጣመማል። የመላጊያው አፍ ከእንጨቱ ሲርቅ፥ ስለቱ ፊት ያለውን እንጨት ወደ ታች ተጭኖ የሚይዝ ነገር የለም። ያን ጊዜ የእንጨቱ ጅማት ከመቈረጡ በፊት ይነሣና ይቀደዳል።

ሽማግሌው ስለቱንም አወጣ። ስለቱ የሚያርፍበት ቦታ ሸካራና ቀለም የተቀባ ነበረ፤ ስለቱ በሁለት በሦስት ነጥብ ብቻ ያርፋልና በሥራ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎም በመደርደሪያው ጥግ የነበረውን ግራጫ መላጊያ አነሣ። መልኩ የሚያስጐመጅ አልነበረም። ማስመሪያው ሲቆምበት ብርሃን አላሳለፈም፤ አፉ ጠባብ፥ ስለቱም ወፍራም ነበረ። ብረቱ ቢወድቅ በቀላሉ የማይሰበር ዐይነት ነው። ዋጋው ግን 350 ዶላር ነበረ።

ወጣቱም ዋጋውን ባየ ጊዜ ደነገጠ። ሽማግሌው «ከጦርነቱ በፊት የተሠራ አሮጌ መላጊያ በጥቂት ገንዘብ ታገኛለህ፤ ብዙ ቀን ፈግፍገህ ካስተካከልኸው ከዚህ አያንስም። ለአንተ ግን ሳንቃው በቤት ይጠብቅሃል» አለው። ምክሩ እውነት ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ብዙ መክፈል አያስፈልገውም። ወጣቱ ግን ግራጫውን ገዛ።

በዚያም ማታ ሽማግሌውን ሳይጠብቅ መላጊያውን ከሣጥኑ አውጥቶ በሳንቃው ላይ ገፋው። ወደ ጉጡ በደረሰ ጊዜ ጣት የሚያህል ቦታ ተቀደደ። ወጣቱም እጅግ አዘነ፤ በማግስቱም «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፈልሁ፤ ያው እንደ አሮጌው ቀደደው!» ብሎ ተናገረ።

«ስለቱን ሳልኸው?»

«አዲስ አይደለምን?»

«አዲስ ማለት የተሳለ ማለት አይደለም» አለ ሽማግሌው።

ብዙ ስለቶች ከፋብሪካ ሲወጡ የመጨረሻውን መሳል ለገዢው ይተዉለታል። ሽማግሌው የመሳያውን ድንጋይ በውኃ አርሶ ስለቱን ለወጣቱ ሰጠው። የዚህ ስለት ብረት ክሮም የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ቶሎ አይደንዝም፤ ነገር ግን ለመሳል ትዕግሥት ይፈልጋል። ወጣቱ ጫፉ የክንዱን ጠጕር እስኪላጭ ድረስ ሳለው። ከዚያም በስለቱ ላይ የሚታሰረውን ሁለተኛ ብረት ከጫፉ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ እንዳይርቅ አድርገው አሰሩት፤ ይህ ብረት የተነሣውን ፍቅፋቂ ወደ ፊት አጥፎ ይሰብረዋል፥ እንዳይቀድም ይከለክለዋል።

በመጨረሻም ሽማግሌው ሳንቃውን አዞረው። የእንጨት ጅማት እንደ ድመት ጠጕር ነው፤ በአንድ በኩል ሲደባብሱት ይተኛል፥ በሌላው በኩል ይነሣል። በጉጥ ዙሪያ ግን ጅማቱ ወደ ሁሉም ወገን ይዞራልና በዚያ ስፍራ መድኃኒቱ ስለት ብቻ ነው።

የተቀደደውን ለማጥፋት ሳንቃው በሙሉ ጥቂት መቅጠን ነበረበት። ወጣቱ እስከ ቀትር ድረስ ገፋ፤ እየገፋም በጣቱ ይዳስስ ነበር። ቀዳዳው ጠበበ፥ ከዚያም የእህል ፍሬ አከለ፥ ከዚያም ጠፋ። መላጊያው በጉጡ ላይ ሲያልፍ እንደ ሐር የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ሽማግሌው ከወለሉ አንድ ረጅም ፍቅፋቂ አንሥቶ በመላጊያው ደረሰኝ ላይ ዘረጋው። 350 የሚለው ቍጥር በፍቅፋቂው ውስጥ አልፎ በግልጥ ይነበብ ነበር።