የአበባ ምግብ ከአበባ በፊት

ልጄ፣

ጉደር ወንዝ አጠገብ በመስኖ ቲማቲም ልታለማ መሬት መያዝህን ስሰማ ደስ አለኝ። «አበባ ሲጀምር ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልጨምርለት?» ላልከኝ ግን መልሴ አጭር ነው፤ ያን ጊዜ የምትጨምረው ጥቂት፣ የምትተወው ብዙ ነው። ተክል ከቅጠል ወደ አበባ ሲሻገር የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ቀድሞ በሥሩ አጠገብ ማግኘት አለበት። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

1. ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እወቅ።

ዩሪያ ናይትሮጂን ብቻ ነው፤ ከ100 ኪሎው 46ቱ። ኤንፒኤስ ደግሞ 19 እጅ ናይትሮጂን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ድኝ አለው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ድኝና ቦሮን ያነሳቸው ማሳዎች ብዙ መሆናቸውን ሲያሳይ ነው ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ በወቅቱ ለኤንፒኤስ ቦታውን የለቀቀው። ናይትሮጂን ቅጠልና ግንድ ያበዛል፤ ፎስፈረስ ሥርን ያጠነክራል፣ ለአበባም ኃይል ይሆናል፤ ፍሬን የሚሞላውና የሚያጣፍጠው በአብዛኛው ፖታሺየም ነው። ልብ በል፣ ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ፖታሺየም የላቸውም። ስለዚህ አበባ ላይ ደርሶ ዩሪያ የሚደፋ ሰው ለፍሬው ሳይሆን ለቅጠሉ እየመገበ ነው።

2. ፎስፈረስን ለአበባ ብለህ አታቆይ።

«ለአበባ ፎስፈረስ» የሚለውን ብዙ ሰው ሰምቶ ኤንፒኤሱን እምቡጥ ሲያይ ይበትነዋል። ፎስፈረስ ግን አፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጂን ከውሃ ጋር አይጓዝም፤ ካስቀመጥህበት ብዙም ፈቀቅ አይልም። ከላይ የተበተነው ከላይ ይቀራል፣ ሥሩ ደግሞ ከታች ነው። በተለይ ከሆለታ እስከ ጀልዱ ባለው ደጋ ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ኤንፒኤሱን ችግኝ ስትተክል፣ ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎና በአፈር ተለይቶ፣ አንዴ ስጠው። አፈርህ አሲዳማ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ደግሞ ከማዳበሪያው በፊት ኖራ ይቀድማል። የእርሻ ኖራ የሚፈጨው እዚያው ጉደር ነው፤ ከተከላው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለህ ከአፈሩ ጋር አዋህደው። መጠኑን ግን በግምት አታድርገው፤ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አፈርህን አስመርምር።

3. ዩሪያህን ለሁለት ክፈለው፣ ሁለተኛው ከእምቡጥ አይዘግይ።

ለቲማቲም የቆየው፣ ዳፕ በኤንፒኤስ ሳይተካ የወጣው የምርምር ምክር በሄክታር 200 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ሩብ ሄክታር ከያዝህ ዩሪያህ 25 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ግማሽ ነው። ግማሹን ችግኙ ከተተከለ በኋላ አንገቱን ቀና ሲያደርግ፣ ሌላውን ግማሽ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው የእምቡጥ ዘለላ ገና ሳይፈነዳ ስጥ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለህ ጭረት አውጣ፣ ዩሪያውን አፍስስ፣ ወዲያው አፈር መልስበት፣ ከዚያ ውሃ ልቀቅ። ሜዳ ላይ ተበትኖ ፀሐይ ያገኘው ዩሪያ ወደ አሞኒያ ተቀይሮ ይተናል፤ አፍንጫህን የሚሰነፍጥህ ያ ሽታ የከፈልከው ገንዘብ ነው።

4. ቅጠሉን አይተህ እጅህን ሰብስብ።

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ ግንዱ ከወፈረ፣ ዘለላው ግን ከሳስቶ አበባው ከረገፈ ናይትሮጂን በዝቶበታል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ፍሬ ዩሪያ አትጨምር። የታችኛው ቅጠል እኩል ከነጣና ቢጫ ከሆነ ናይትሮጂን ርቦታል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፍሬ ከያዘ በኋላ በጣም ጥቂት ስጠው። የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩ ብቻ እንደተለበለበ ከደረቀ ጉድለቱ የፖታሺየም ሊሆን ይችላል። ወጣት ችግኝ ከቅጠሉ ሥር ሐምራዊ ሲመስል ደግሞ ወይ ፎስፈረስ አጥቷል፣ ወይ በርዶታል።

5. አበባ ሲረግፍ መጀመሪያ ሌሊቱን ጠይቅ።

ጉደር አጠገብ ያለችው አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቲማቲም የአበባ ዱቄት ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ አበባው ከነአንገቱ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። በጥቅምት የተተከለ ቲማቲም የሚያብበው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ፣ ልክ ውርጩ ሲጠና ነው። ብዙ አልሚ ይህንን አይቶ «ምግብ አነሰው» ይልና እርሻ መድኃኒት ቤት ሄዶ ቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ በጠርሙስ ይሸከማል። ብርድን በማዳበሪያ አታሸንፈውም። ችግኝህን ኅዳር ላይ አፍልተህ በታኅሣሥ መጨረሻ ብትተክለው አበባው ወደ ጥር መጨረሻና የካቲት ይገፋልሃል። የዘር ወቅትህን ማስተካከል ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

6. ፍሬ ሲይዝ ወደ ምድጃህ ተመልከት።

የእንጨት አመድ ፖታሺየምና ካልሲየም አለው። ነፍተህ ከሰሉን ካስወጣህ በኋላ በየተክሉ ዙሪያ አንድ እፍኝ ነስንሰህ ከአፈር ጋር አዋህደው፤ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ካለህ አብረህ ስጠው። ሁለት ነገር ጠብቅ፦ አመድን ከዩሪያ ጋር አትቀላቅል፣ በአንድ ሳምንትም አታገናኛቸው፤ አመድ ናይትሮጂኑን አሞኒያ አድርጎ ያበረዋል። ኖራ በቅርቡ በገባበት መሬትም አመድ አታብዛ።

7. የፍሬው ቂጥ ሲጠቁር ቦይህን መርምር።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ሲሰረጉድ በሽታ ነው ብለህ መድኃኒት አትርጭ። ካልሲየም ፍሬው ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም እያለም ይህ ይደርሳል፤ ካልሲየም የሚጓዘው በውሃ ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት አስጠምተህ አንድ ቀን ብታጥለቀልቀው አይደርስም። ዩሪያ ሲበዛም ይብሳል። በየጊዜው፣ በልኩ አጠጣ። የምታጠጣው ውሃም ከወንዝ ይሁን፤ የአምቦ ጠበል ለሰው ጨጓራ ቢስማማም ጨዋማ ነው፣ መሬት ላይ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል።

8. ከአበባ እርሻ ልኩን ተማር።

ሆለታ በኩል የጽጌረዳ እርሻ የሠሩ ጓደኞች ካሉህ ስለ ሁለቱ በርሜሎች ጠይቃቸው። ካልሲየም ያለበት ማዳበሪያ በአንዱ፣ ፎስፌትና ሰልፌት ያለበት በሌላው ይበጠበጣል፤ በውሃ ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ኖራ መስሎ ይረጋል፣ ቧንቧውንም ይደፍነዋል። አንተ በባልዲ በጥብጠህ ብትረጭም ሕጉ ያው ነው። ቦሮንም እንዲሁ፤ ለአበባ ዱቄት ያስፈልጋል፣ ነገር ግን በሚበቃውና በሚመርዘው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ማዳበሪያህ ቦሮን ያለበት ኤንፒኤስቢ ከሆነ ሌላ አትጨምርበት።

9. ወደ ሌላ ሰብል ስትዞር ሰዓቱን ቀይር፣ ሕጉን አትቀይር።

ባኮ የሚገኘው ምርምር ማዕከል እንደ ቢኤች 661 ያሉ የበቆሎ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ በቆሎ ዩሪያውን የሚፈልገው ጉልበት ሲደርስ ነው፣ ወንዴ አበባው ከወጣ በኋላ የሚሰጠው እምብዛም አይጠቅመው። ድንች ሁለተኛውን ዩሪያ በኩትኳቶ ጊዜ ይቀበል፤ ከዚያ ከዘገየ ቅጠል እንጂ ድንች አታገኝም። ግንጪ አካባቢ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ዩሪያ የዘገየበት ጤፍ ደግሞ ይጋሸብና በጭቃ ላይ ይተኛል።

10. አንዱን መደብ ለፈተና ለይ።

ከመደቦችህ መካከል አንዱን ሁለተኛውን ዩሪያ አትስጠው፣ ሌላውን በምክሩ መጠን ስጠው። በቀሪው ሁሉ እኩል ያዛቸው። ምርቱን ለየብቻ መዝነህ በደብተር ጻፍ፣ ከጎኑ የማዳበሪያውን ዋጋ አስፍር። ልዩነቱ ዋጋውን ካልመለሰ በሚቀጥለው ዓመት የሁለተኛውን መጠን ቀንስ። ጎረቤትህ ሲደፋ አይተህ አትድፋ፤ ሚዛንህ ያዘዘህን አድርግ።