የቴክኒክ ትምህርት፦ ምልክቱ የጠፋበትን ሞተር ፋዛ ማስገባት

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ፑንቲና አጠራረግና ክፍተት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ፋዛን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ እንመለከታለን። ያውም ፋብሪካው በፑሊው ላይ ያስቀመጠው ምልክት በማይገኝበት ጊዜ።

ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። የምንማማርበት አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ፑሊው ከሌላ ሞተር ተፈትቶ የመጣ ስለሆነ ምልክት የለውም። አንድ ተማሪያችን ፋዛውን በግምት አስገብቶ በማኖቬላ ሲያስነሣ ሞተሩ ወደ ኋላ መታው። የእጁ አንጓ ተጎድቶ ሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ቆየ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ አስቀድመን ያላስተማርነው የእኛ ነበር። ስለዚህ ያኔ መስጠት የነበረብንን ትምህርት ዛሬ ለሁላችሁም እናቀርባለን።

ትምህርቱ የሚያገለግለው ፑንቲና ላላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነው። ለናፍጣ ሞተርና በኮምፒውተር ለሚታዘዙት አዳዲሶቹ አይሆንም።

ሀ. ፋዛ ለምን ያስፈልጋል?

የታመቀው ቤንዚንና አየር ተቃጥሎ ኃይል እስኪሰጥ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ቀድሞ መሰጠት አለበት። በጣም ከቀደመ ፒስተኑን ገና ሲወጣ ይመታዋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲነሣም ወደ ኋላ ይማታል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ቤንዚንም ይፈጃል።

ለ. አንደኛውን ሲሊንደር ማግኘት

መኪናው ከማርሽ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ። በአብዛኛው ሞተር አንደኛው ሲሊንደር በቬንትሌተሩ በኩል ያለው ነው። እንደ ፔጆ 504 ባሉት ግን ቆጠራው ከኋላ፣ ከቮላኖው በኩል ይጀምራል። አውራ ጣታችሁን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ ሲያምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። ጣታችሁን በኃይል የሚገፋው እመቃው ነው። እኛ የምንፈልገው እርሱን ነው።

ሐ. ትክክለኛውን ጫፍ መለካት

ብዙ ሰው በቀዳዳው ስንጥር ከትቶ መውጣቱን ሲያቆም «ጫፍ ደረሰ» ይላል። ነገር ግን ፒስተኑ ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ፑሊው ብዙ ዲግሪ እየዞረም ቢሆን ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚከተለው ዘዴ ይሻላል።

1. ከአሮጌ ካንዴላ ሸክላውን ሰብራችሁ አውጡና በቦታው ጫፉ የተድቦለቦለ ብሎን አጥብቁበት። ብሎኑ ፒስተኑን ጫፍ ሳይደርስ የሚያቆመው እንጂ ቫልቮላ የሚነካ መሆን የለበትም።
2. የታጠፈ ሽቦ በሞተሩ ፊት ባለ ብሎን አስራችሁ ፑሊው አጠገብ አድርሱት። ይህ ጠቋሚያችን ነው።
3. ፒስተኑን ዝቅ አድርጋችሁ መሣሪያውን በአንደኛው ሲሊንደር እሰሩ። በእጅ ብቻ፣ በዝግታ፣ እስኪነካ አዙሩና በጠቋሚው ትይዩ ፑሊው ላይ ምልክት አድርጉ።
4. በተቃራኒው አዙራችሁ እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ።
5. በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው የአጭሩ ርቀት እኩሌታ ትክክለኛው ጫፍ ነው። በመጋዝ ጭረት አድርጉበትና ዜሮ በሉት። መሣሪያውን ማውጣት እንዳትረሱ!

መ. ዲግሪውን ማስላት

ወረቀት በፑሊው ዙሪያ ጠምጥማችሁ ርዝመቱን ለኩና ለ360 አካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 450 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ዲግሪ 1.25 ሚሊ ሜትር፣ 8 ዲግሪ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመኪናው መጽሐፍ ከተገኘ ቁጥሩን ከዚያ ውሰዱ፤ ካልተገኘ በ8 ጀምሩ። ሞተሩ በሥራ አቅጣጫው ሲዞር በጠቋሚው ፊት መጀመሪያ የ8ቱ ምልክት፣ ቀጥሎ ዜሮው ማለፍ አለበት።

ሠ. በአምፑል ማስገባት

አስቀድሞ የፑንቲናው ክፍተት ይስተካከል፤ ለብዙዎቹ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲለወጥ ፋዛውም ይለወጣልና ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ከዚያ በእመቃ ላይ የ8ቱን ምልክት ከጠቋሚው ጋር አገናኙ። ካለፋችሁ ወደ ኋላ ሩብ ዙር መልሳችሁ እንደገና ወደ ፊት አምጡ። የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ወደ አንደኛው ካንዴላ ገመድ ማየት አለበት።

ባትሪውን መልሱ። የ12 ቮልት አምፑል አንዱን ሽቦ ከቦቢና ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ማሰሪያ ላይ፣ ሌላውን በንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጉና ቁልፉን ክፈቱ። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልታችሁ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አምፑሉ እስኪጠፋ አዙሩት። ከዚያ በዝግታ ወደ ተቃራኒው መልሱት። አምፑሉ በበራበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፍቷል፤ እዚያው እሰሩ። ቁልፉን ክፍት አታቆዩ፣ ቦቢናው ይግላል። ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ አረጋግጡ።

ገመዶቹን በሮተሩ አቅጣጫ በእሳት ተራቸው አስገቡ። የብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ተራ 1-3-4-2 ነው፤ የቮልስዋገን ቢትል 1-4-3-2።

ረ. በመንገድ መፈተን

ሞተሩ ሲሞቅ በዳገት ላይ ቤንዚን ስጡት። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ካሰማ እሳቱ ቀድሟል፤ ዲስትሪቢዩተሩን በሮተሩ አቅጣጫ በጥቂቱ አዙሩ። ከደከመ ወደ ተቃራኒው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አትለፉ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ማሳሰቢያ፦ ማኖቬላ ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ወደ ላይ ሳቡ እንጂ ወደ ታች አትግፉ።

ከኬንያ ፉንዲዎች ጋር ለምትሠሩ ደግሞ፦ ካንዴላ ስትሉ ፕላግ፣ ቦቢና ስትሉ ኮይል፣ ፋዛ ስትሉ ታይሚንግ ማለት እንደሆነ ያዙ። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

ያ ተማሪያችን ፋሻው ከተፈታ በኋላ የዚያኑ ሞተር ፋዛ በዚህ ዘዴ ራሱ አስገብቶ፣ ራሱ አስነሥቶታል። ፑሊው ላይ ያለው ጭረት የእርሱ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ሁለት ምልክት አድርገን እኩሌታውን የምንወስደው ለምንድን ነው?
2. የፑሊው ዙሪያ 540 ሚሊ ሜትር ቢሆን 8 ዲግሪ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?
3. ፋዛውን ካስገባን በኋላ የፑንቲናውን ክፍተት ብንለውጥ ምን ይሆናል?

መልሱን በሚቀጥለው እትም እንሰጣለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።