ስለ ቨርችዋል ማሽን መጠባበቂያ ቅጂና ስለ ስናፕሾት አጠቃቀም

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን ያለው ዕቃና በባንክ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከማን ምን እንደሚፈለግ፤ ለማን ምን እንደሚከፈል፤ የትኛው ዕቃ በስንት ዋጋ ጉምሩክን እንዳለፈ የሚያስረዳው መዝገብም ሀብቱ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ በዱቤ የሸጠውን ለመሰብሰብ ማስረጃ ያጣል፤ ግብሩንም በትክክል ለማስታወቅ ይቸገራል። ቀድሞ ይህ መዝገብ በደብተር ተጽፎ በካዝና ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ድርጅቶች ዘንድ የሚገኘው በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በጉርድ ሾላ በአንድ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው አስመጪ አንድ ሰርቨር ብቻ አለው ይባል። በዚያ ሰርቨር ውስጥ ግን ሦስት ቨርችዋል ማሽኖች ይሠራሉ። ቨርችዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ተከፍሎ፤ ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒዩተር ሆኖ የሚሠራ ማለት ነው። አንደኛው የፒችትሪን ሒሳብ፤ ሁለተኛው የመጋዘኑን መዝገብ፤ ሦስተኛው የሠራተኞቹን ፋይሎች ይይዛል። በዚህ አሠራር ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያ አንድ ሰርቨር የተበላሸ እንደ ሆነ ሦስቱም አብረው ይቆማሉ።

ሥራ ሳይቋረጥ መዝገቡን ለመቅዳት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ስናፕሾት ነው። ዲስክ መረጃውን ብሎክ በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ስናፕሾት በሚነሣበት ቅጽበት ብሎኮቹ ሁሉ አይቀዱም፤ የየብሎኩን ሥፍራ የሚያመለክተው ማውጫ ብቻ ባለበት ይያዛል። ከዚያ በኋላ አንድ ብሎክ የሚለወጥ ሲሆን የቀድሞው ሳይጠፋ ይቈያል። ስለዚህ የ200 ጊጋባይት ዲስክ ስናፕሾት በጥቂት ሴኮንድ ሊነሣ ይችላል፤ በመጀመሪያም የሚይዘው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህ ጥቅም ከመጋዘን ቈጠራ ጋር ሲመሳከር በቀላሉ ይታወቃል። ዕቃ እየገባና እየወጣ የሚደረግ ቈጠራ ትክክል አይሆንም። እንዲሁም ሽያጭ እየተመዘገበ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቅጂ ቢደረግ፤ ገንዘቡ የገባበት ከዕቃው የወጣበት የማይገጥም ሒሳብ ሊገኝ ይችላል። ስናፕሾት ግን ሁሉንም በአንድ ቅጽበት እንደ ነበረ ያሳያል። ሆኖም በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ላይ ያለና ወደ ዲስክ ገና ያልወረደ ሥራ ሊኖር ስለሚችል፤ አስቀድሞ ፕሮግራሞቹ ጽሕፈታቸውን እንዲያጠናቅቁና ለጥቂት ጊዜ እንዲታገሡ ማዘዝ ይገባል። በዊንዶውስ ላይ ይህን ተግባር የሚፈጽመው ቪኤስኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚታየውን ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ስናፕሾት ብቻውን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ ያልተለወጡት ብሎኮች ያሉት በዚያው በቀድሞው ዲስክ ላይ ነውና። ዲስኩ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ስናፕሾቱም አብሮት ይጠፋል። መዝገብ ቈልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ተንኰለኛ ፕሮግራሞችም አስቀድመው ስናፕሾቶችን የሚደመስሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ስናፕሾት በቈየ ቍጥር ቦታው እየሰፋ ሄዶ ማከማቻውን ሊሞላ፤ ሥራውንም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቪኤምዌር በቨርችዋል ማሽን ፕሮግራሙ የሚነሣ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ ይመክራል።

በውጭ አገር የደረሱ ሁለት ነገሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ. ም. ጊትላብ በሚባለው የፕሮግራም ሠሪዎች ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት ደመሰሰ። በየጊዜው ይደረጋል የተባለው ቅጂ ለካ ሳይሠራ ቈይቶ ነበር። ድርጅቱን ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት የተነሣ ስናፕሾት ነው፤ ይኸውም ለሙከራ ወደ ተዘጋጀ ሌላ ሥፍራ ተቀድቶ በመገኘቱ ነው። እንዲሁም መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የኦቪኤች የዳታ ማዕከል በተቃጠለ ጊዜ፤ ቅጂያቸው በዚያው ሥፍራ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፤ ማታ ሥራ ሲያበቃ ስናፕሾት ይነሣል። ሁለተኛ፤ ከስናፕሾቱ ወደ ሌላ መሣሪያ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል። ሦስተኛ፤ ቅጂው መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ስናፕሾቱ ይሰረዛል። አራተኛ፤ አንድ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል። ይህም በሌላ ሠፈር ባለው ቅርንጫፍ ወይም በጎሮ በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደሚገኙት ራክሲዮና ዊንጉ ባሉ የዳታ ማዕከሎች ሊሆን ይችላል። ቅጂው የደንበኞችን ስምና ስልክ የያዘ እንደ ሆነ በምስጢር ቍልፍ ይዘጋ፤ በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅን ግዴታ አድርጓልና።

ቅጂውን በኢንተርኔት ለመላክ የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ ጊዜውን ያስላ። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 200 ጊጋባይት ለመላክ 44 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ተይዞ ቢወሰድ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ግን የተለወጡት ብሎኮች ብቻ ይላካሉ፤ በቀን የሚለወጠው 2 ጊጋባይት ቢሆን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በመጨረሻም ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቈጠርም። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ፤ የአንድ ቀን ሽያጭና የአንድ ደንበኛ ቀሪ ሒሳብ ከደረሰኝ ጋር ይመሳከር፤ ለመመለስ የወሰደውም ሰዓት ይመዝገብ። ባለሱቁም ሆነ ላኪው የኮምፒዩተር ባለሙያውን «ቅጂ አለን ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ «መቼ ተከፍቶ ታየ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሠራል።