የረግረግ ዳክዬዎች አኗኗርና አመጋገብ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላት ልብ በሉ።

የጣና ሐይቅ በምሥራቅ በኩል ከፎገራ ሜዳ ጋር በሚዋሰንበት ሥፍራ ውኃውና የብሱ በግልጽ መስመር አይለያዩም። ክረምት ሲሆን ውኃው ወደ ሜዳው ይገባል፤ በጋ ሲሆን ይሸሻል። በመካከሉ ደንገልና ፊላ የሚበቅልበት ረግረግ ይገኛል። ይህ ሥፍራ ለመንገደኛ ጭቃ ነው፤ ለዱር ዳክዬ ግን ገበታ ነው።

ዳክዬዎች ሁሉ ምግባቸው አንድ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓይነት የሚመርጠው የውኃ ጥልቀት አለው። ዓመቱን ሙሉ በአገራችን የሚኖረው ባለቢጫ ምንቃር ዳክዬ ዳር ዳሩን ይወዳል። ራሱንና አንገቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ፣ ጅራቱን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ ከጭቃው ላይ ዘርና ሥር፣ ቅጠልና ትል ይለቅማል። ስለዚህ አንገቱ ከሚደርስበት በታች ያለው ምግብ ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። በበጋው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ባለሹል ጅራት ዳክዬ በበኩሉ አንገቱ ረዥም በመሆኑ ጥቂት ጠለቅ ካለው ውኃ ይመገባል። ሌላው እንግዳ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋ ነው። የምንቃሩም ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩ ስስ ነገሮች የተሞላ ስለሆነ እየዋኘ ውኃውን ያጠልላል፤ ደቃቅ ነፍሳትና ዘሮች ይቀሩለታል። አንዳንድ ጊዜም ብዙዎቹ ተሰብስበው ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ያን ጊዜ ከታች ያለው ምግብ እየተበጠበጠ ወደ ላይ ይወጣል። ጠልቀው የሚመገቡት ዳክዬዎች ደግሞ ወደ መሐል ይገባሉ።

ባለቢጫ ምንቃሩ ጎጆውን የሚሠራው በውኃው አጠገብ፣ ጥቅጥቅ ባለ ሣር ውስጥ፣ በመሬት ላይ ነው። ጫጩቶቹ ፈጥነው እንዲያድጉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዘር ይልቅ ነፍሳት ያስፈልጓቸዋል፤ ነፍሳቱም የሚበዙት በዚያው በዳሩ ሣር መካከል ነው።

ረግረግ ሲጠነፍፍ ወይም ሲታረስ አስቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ዳር ነው። ገበሬው ሩዝ የሚዘራበት መሬት መፈለጉ አያስወቅሰውም፤ ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭም ዳሩን እንደ ምንጣፍ ስለሚሸፍን ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፤ ከውኃው ሥር የሚበቅሉትም ዕፀዋት ይጫጫሉ። ስለሆነም ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ሞልቶ ሳለ ዳክዬው ምግቡንም ጎጆውንም ሊያጣ ይችላል።

መልመጃ

«ስለዚህ» እና «ስለሆነም» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ። ቀጥሎም በአካባቢያችሁ በወንዝ ወይም በኩሬ ዳር አንድ ወፍ ተመልክታችሁ ምን እንደሚበላና ለምን በዚያ ሥፍራ እንደሚበላ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «ውብ ነው» የሚል ሐረግ አይግባበት፤ የወፉን ሥራ ብቻ ግለጹ።