ከራጉኤል ወደ ካዕባ፦ ሳይንና ኮሳይን በመጀመሪያ ፕሮግራማችን



ለዙህር ወደ ታላቁ አንዋር መስጂድ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ራጉኤል ጋ ከታክሲ ወርዳችሁ፣ የመርካቶን ግፊያ አልፋችሁ፣ ውዱእ አድርጋችሁ ሶፍ ስትገቡ ፊታችሁ ወደ እንጦጦ ይዞራል። ወደ ሰሜን ማለት ነው፤ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። ትንሹ ስንት ዲግሪ ነው? ፕሮግራሚንግ የጀመርን ተማሪዎች ይህን ራሳችን ልናሰላው እንችላለን። የሚያስፈልገው ኮምፒውተር ላይ ያለ ፓይተን፣ በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ትሪጎኖሜትሪና ዐሥር መስመር ያህል ኮድ ነው።

ብዙዎቻችን ሳይንና ኮሳይንን ለፈተና ሸምድደን ከፈተናው ጋር ጥለናቸዋል። «ለምን ይጠቅማል?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ በቀን አምስት ጊዜ የምንቆምበት አቅጣጫ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የሚያስፈልጉን አራት ቁጥሮች ናቸው። ራጉኤልና አንዋር አካባቢ በኬክሮስ 9.03 ዲግሪ ሰሜን፣ በኬንትሮስ 38.74 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ካዕባ ደግሞ 21.4225 ሰሜን፣ 39.8262 ምሥራቅ። ስንቀንስ ካዕባ ከእኛ 12.3925 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ 1.0862 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይርቃል። መሬት እንደ ደብተር ገጽ ጠፍጣፋ ብትሆን ሥራው እዚህ ያልቅ ነበር። የሦስት ማዕዘኑ አንድ ጎን 12.3925፣ ሌላው 1.0862 ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለን የታንጀንቱን ግልባጭ ስንወስድ 5.0 ዲግሪ እናገኛለን። መጥፎ ግምት አይደለም። ግን መሬት ክብ ናት። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው በሄድን ቁጥር ስለሚቀራረቡ መካ ላይ ያለው አንድ ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ ካለው አንድ ዲግሪ ያንሳል። ስለዚህ ሉሉን የሚያውቅ ቀመር እንጠቀማለን።

ፓይተን 3 ለተለዋዋጮች የራሳችንን ፊደል ይቀበላል። ማዝ ከሚባለው ሞጁል የምናስገባቸውን ፈንክሽኖችም በአማርኛ ስም ልንጠራቸው እንችላለን። እኔም ሳይን፣ ኮስ፣ ራዲያን፣ ዲግሪ፣ አርክታን2 እና አርክኮስ ብዬ ሰይሜያቸዋለሁ፤ ውጤት የሚያወጣውን ትእዛዝ ደግሞ ጻፍ ብዬዋለሁ። ይህን ስያሜ ከላይ ካስቀመጣችሁ ቀጥሎ ያለው እንዳለ ይሠራል፦

እኛ_ኬክሮስ = ራዲያን(9.03)
እኛ_ኬንትሮስ = ራዲያን(38.74)
ካዕባ_ኬክሮስ = ራዲያን(21.4225)
ካዕባ_ኬንትሮስ = ራዲያን(39.8262)
ልዩነት = ካዕባ_ኬንትሮስ - እኛ_ኬንትሮስ
ምሥራቅ = ሳይን(ልዩነት) * ኮስ(ካዕባ_ኬክሮስ)
ሰሜን = ኮስ(እኛ_ኬክሮስ) * ሳይን(ካዕባ_ኬክሮስ) - ሳይን(እኛ_ኬክሮስ) * ኮስ(ካዕባ_ኬክሮስ) * ኮስ(ልዩነት)
ቂብላ = ዲግሪ(አርክታን2(ምሥራቅ, ሰሜን)) % 360
ጻፍ(ቂብላ)

ውጤቱ 4.70 ነው። ከትክክለኛው ሰሜን አምስት ዲግሪ እንኳ ያልሞላ ወደ ምሥራቅ።

አሁን መስመሮቹን እንያቸው። «ምሥራቅ» እና «ሰሜን» ያልኳቸው ሁለት ተለዋዋጮች ከእግራችን ሥር ወደ ካዕባ የተዘረጋ ቀስት ምን ያህሉ ወደ ምሥራቅ፣ ምን ያህሉ ወደ ሰሜን እንደሆነ ይነግሩናል። በምሥራቁ መስመር ያለው ኮስ(ካዕባ_ኬክሮስ) ቅድም ያነሳነው መቀራረብ ነው፤ ዋጋው 0.93 ያህል ሲሆን የኬንትሮሱን ልዩነት ያሳጥረዋል። የሰሜኑ መስመር ረዥም ስለሆነ ያስፈራል። አንድ ነገር ሞክሩበት፦ ልዩነቱ ዜሮ ቢሆን ኮስ(ልዩነት) 1 ይሆናል፤ የሚቀረው ያ ትምህርት ቤት የተማርነው የሁለት ማዕዘኖች ቅናሽ ሳይን ነው። ከካዕባ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ከሆንን የሰሜኑ ድርሻ በቀጥታ ከኬክሮሶቹ ልዩነት ይመጣል ማለት ነው። ደሴ ለዚህ ቅርብ ናት። 11.13 እና 39.63 አስገቡ፤ 1.0 ዲግሪ ይመጣል። የደሴ ሰው ቂብላው ሰሜን ነው ቢል አልተሳሳተም።

እስካሁን ቀላል ነው። ጭንቁ ፕሮግራሙ ሲሳሳት አለመናገሩ ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት 245.1 አለኝ። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ በነጥብ የታጀበ የሚያምር ቁጥር ብቻ። 245 ዲግሪ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ጅማ ግድም ነው። አንዋር መስጂድ ሰግጄ ባላውቅ ኖሮ አምኜው አርፍ ነበር።

ጥፋቱ ራዲያን የሚለውን መተዌ ነው። የኮምፒውተር ሳይን ዲግሪ አያውቅም። ማዕዘንን የሚለካው በራዲያን ነው፤ 180 ዲግሪ 3.14159 ራዲያን ነው። ስለዚህ 9.03 ዲግሪ ለእሱ 0.1576 መሆን አለበት። እንዳለ 9.03 ስትሰጡት ግን አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ሌላ 157 ዲግሪ እንደጨመረ ማዕዘን ይወስደዋል። የሰጣችሁትን በታማኝነት አስልቶ የማትፈልጉትን ይመልሳል።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት በአርክታን2 ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ነው። በሒሳብ ክፍል ማዕዘን የሚጀምረው ከቀኝ፣ ማለትም ከምሥራቅ ሲሆን ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል። በካርታና በኮምፓስ ግን ከሰሜን ተነስቶ እንደ ሰዓት ይዞራል። ምሥራቅን አስቀድመን ሰሜንን ያስከተልነው ለዚህ ነው። ብትገለብጡት 85.3 ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ መስገድ ማለት ነው። አሁንም ፕሮግራሙ ዝም ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው «% 360» ለአዲስ አበባ ምንም አትሠራም፤ ብታነሷት 4.70 አይለወጥም። ግን ፕሮግራሙን ለሐረር ልጅ ስጡት፦ 9.31 እና 42.13። ሐረር ከካዕባ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይሆንና -10.1 ይወጣል። ያችን ምልክት ስትመልሱ 349.9 ይሆናል፤ ከሰሜን ዐሥር ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ። በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ከተሞች፣ አንዱ ከሰሜን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። በራሳችን ሰፈር ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም አልተፈተነም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አንዳንዱ በአርክታን2 ፋንታ ምሥራቅን ለሰሜን አካፍሎ ተራውን የታንጀንት ግልባጭ ይጠቀማል። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጅማ ላይ ልክ ይሠራል፤ ካዕባ ለሁላችንም በሰሜን ነውና። ለትምህርት ኢስታንቡል የሄደ ጓደኛችሁ (41.01፣ 28.98) ሲጠቀምበት ግን 331.6 ይለዋል። ትክክለኛው 151.6 ነው። ልዩነቱ 180 ዲግሪ፣ ማለትም ለካዕባ ጀርባን መስጠት ነው። ሁለት ቁጥሮች ሲካፈሉ ምልክታቸው ይደባለቃል፤ ከዜሮ በታች የሆነው የትኛው እንደነበር ይጠፋል። አርክታን2 ሁለቱን ለየብቻ የሚቀበለው ይህን ለማስታወስ ነው።

ብዙ ዘመድ ያለንባት ዋሽንግተንም አለች። 38.90 እና -77.04 አስገቡ፤ ምዕራብ ስለሆነ የመቀነስ ምልክቷን እንዳትረሱ። በጠፍጣፋው ሦስት ማዕዘን ብናሰላ 98.5 ይመጣል፦ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ። በሉሉ ቀመር ግን 56.6 ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ። ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያይ ሰው «መካ ከዋሽንግተን በደቡብ ናት፣ እንዴት ወደ ሰሜን ይሰገዳል?» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። ክብ ኳስ ላይ ክር ወጥሩ፤ አጭሩ መንገድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 5.0 እና 4.7 ተቀራርበው ያታለሉን ለመካ ቅርብ ስለሆንን ነው።

ይህ ስሌት ከእኛ በፊት ብዙ ሰዎችን አድክሟል። አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው፤ እሱም የሳይን ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ973 የተወለደው አል-ቢሩኒ ስለ ከተሞች አቀማመጥ በጻፈው መጽሐፍ የጋዝናን ቂብላ ለማግኘት ደክሟል። ኬክሮስና ኬንትሮሱን ራሱ መለካት ነበረበት፤ እኛ ከስልካችን ላይ እናነባለን። «ሳይን» የሚለውም ታሪክ አለው። ከሕንድ የመጣውን ቃል ዐረቦች በድምፁ ቢጽፉት፣ በኋላ «ጀይብ» ተብሎ ተነበበ። ጀይብ ኪስ፣ ጉያ ነው፤ ወደ ላቲን ሲመልሱት በላቲን ጉያ ማለት የሆነውን «ሲኑስ» አሉት። ሳይን የወጣው ከዚህ ነው።

አንድ ነገር እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ጽሑፍ ይዞ «ምንጣፋችሁ በሁለት ዲግሪ ተጣሟል» ብሎ ከመስጂድ ኢማም ጋር የሚሟገት እንዳይኖር። ከካዕባ ርቆ ያለ ሰው አቅጣጫውን መያዙ ይበቃዋል ወይስ ራሱን ካዕባን ማነጣጠር አለበት በሚለው ዑለማዎች የታወቀ ልዩነት አላቸው፤ እሱን ከኡስታዞች ጠይቁ። በ85 እና በ245 ላይ ግን ልዩነት ያለ አይመስለኝም። ዶርም ውስጥ ለስምንት ልጅ አቅጣጫ የሚያሳይ መተግበሪያ የሠራ ሰው የስምንት ሰው ሶላት ላይ እጁን አስገብቷል።

ታዲያ በምን እናረጋግጠው? የስልክ ኮምፓስ ብቻውን አይበቃም። ማግኔት የሚያሳየው ሰሜን ከትክክለኛው ሰሜን ትንሽ ይለያል፤ ብረት አልጋ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ ይቅበዘበዛል። ከዚህ የሚሻል ምስክር አለ፦ ፀሐይ። በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትቆማለች። አንዱ ግንቦት 20 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ ሌላው ሐምሌ 9 አካባቢ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ነው። እኛና መካ አንድ ሰዓት ስለምንጠቀም ማስላት አያስፈልግም። የሐምሌውን ደመና ስለማላምነው ግንቦትን ያዙ። ዙህር ሊገባ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መሆኑ ነው።

አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ ቀጥ ማለቱን ክር ላይ በታሰረ ድንጋይ አረጋግጡ። በዚያች ደቂቃ ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ፕሮግራማችሁ ልክ ከሆነ መስመሩ 4.7ን ያሳያል። ርዝመቱንም ለኩት። ኮዱ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨምሩ፦

ማዕዘን = አርክኮስ(ሳይን(እኛ_ኬክሮስ) * ሳይን(ካዕባ_ኬክሮስ) + ኮስ(እኛ_ኬክሮስ) * ኮስ(ካዕባ_ኬክሮስ) * ኮስ(ልዩነት))
ጻፍ(6371 * ማዕዘን)

6371 የመሬት አማካይ ራዲየስ በኪሎ ሜትር ነው። የሚወጣው 1383 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከራጉኤል እስከ ካዕባ በአየር ያለው ርቀት ነው። ማዕዘኑ ራሱ 12.4 ዲግሪ ነው። ፀሐይ ካዕባ አናት ላይ ስትሆን ከእኛ አናት የምትርቀውም ይህንኑ 12.4 ዲግሪ ነው። የ12.4 ዲግሪ ታንጀንት 0.22 ስለሆነ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ 22 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ግንቦት 20 ከሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ቀድማችሁ እንጨት፣ ሜትርና ላፕቶፕ ይዛችሁ ውጡ። ደመና ከሆነ ከሁለት ቀን በፊትም ሆነ በኋላ በዚያው ሰዓት ብትሞክሩ ልዩነቱ ትንሽ ነው።