ውሻህን ወደ ቢላዋ ከመውሰድህ በፊት

ልጄ፣ ውሻህ እብጠት አውጥቶ ደም ያንጠባጥባል፣ «ኦፕራሲዮን ላስደርገው ወይስ ይቅር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የማውቀውን ልንገርህ።

1. እብጠቱ የት እንደወጣ ሳታይ ስለ ቢላዋ አታስብ። ብልቱ ላይ ሆኖ አበባ ጎመን ከመሰለና ሲነካ ከደማ፣ ልቅ በሚዞሩ ውሾች ዘንድ የሚታወቀው ተላላፊ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በስሪያ፣ በመላስና በማሽተት የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል፤ ኖቪንስኪ የተባለ ሩሲያዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውሮ አሳይቷል። ይህን ዓይነቱን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ፍቱኑ ቪንክሪስቲን የሚባል መርፌ ነው፤ በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፣ አብዛኛው ውሻ ከ4 እስከ 8 መርፌ ባለው ይድናል። ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያበሰብሳልና መርፌ መያዝ ለለመደ ሁሉ አትስጠው። በዚያ ሰሞን ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ነፍሰ ጡር ሴት አትጥረግ።

2. ሴት ውሻ ላለው ጎረቤትህ ደግሞ ይህን ንገረው፦ ጡቷ ላይ የሚወጣው እብጠት ግማሽ ያህሉ ክፉው ዓይነት ነው፣ እዚያ ላይ ዋናው ሕክምና ቢላዋ ነው። ገና ትንሽ ሳለ ይሻላል። መጀመሪያ ግን የሳንባ ራጅ ትነሣ፤ ካንሰሩ ሳንባ ከገባ ጡቷን መቁረጥ እሷን ማሰቃየት ብቻ ነው።

3. የወረዳው ክሊኒክ ሥራው በአብዛኛው ከብትና በግ ላይ ነው። ወልድያና መርሳ ጠይቅ፤ ካልሆነ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ጎንደርና ቢሾፍቱ ናቸው። ሳትነሣ ደውል፦ ራጅ አለ? ማደንዘዣ አለ? መድኃኒቱስ? የሚኒባስ ረዳት ውሻ አልጭንም ማለቱ ስለማይቀር የመኪናውን ኮንትራት ከሒሳቡ ጨምረው።

4. ሐኪሙን «ይወጣል ወይ?» ብለህ ብቻ አትተወው፤ «ከወጣ በኋላ ስንት ወር በደኅና ይኖራል?» በለው። ያረጀ፣ የሚያስልና ከስቶ አጥንቱ የቀረ ከሆነ እኔ አላስቀድደውም። ጎልማሳ ሆኖ እየበላ፣ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርት ከማሽላህ እያባረረ ከሆነ ግን አንድ በግ መሸጥ አይቆጭም። የልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ከሆነ አትንካው፣ በዚህም አትፈር። «ለውሻ ሕክምና!» ብሎ የሚስቅብህ አይጠፋም፤ ይሳቅ።

5. ከተቀደደ ቁስሉን እንዳይልስ የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጠህ አንገቱ ላይ አጥልቅለት። የመርሳ ሙቀት ዝንብ ይጠራል፤ ጠዋትና ማታ እየው፣ ትል ካየህ አትቆይ። ክሩ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ እሰረው።

6. የማይድን ከሆነ ደግሞ መርዝ የገባበት ሥጋ እንዳትጥልለት። በየከተማችን ውሻ ሲገደልበት የኖረው ስትሪክኒን እያንቀጠቀጠ፣ አእምሮው ሳይጠፋ ነው የሚገድለው። መንገድ ዳር መጣልም ያው ነው። ሐኪም በማደንዘዣ ብዛት ያሳርፈው። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀር የምትቀብርበትን ጉድጓድ ጥልቅ አድርገህ ድንጋይ ጫንበት፤ ጅብ ካወጣው ጅቡንም አሞራውንም ሊገድል ይችላል።