የኑዛዜ አስፈጻሚና መሐላው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገርበት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ገንዘቡ፥ ስለ ልጆቹና ስለ ቀብሩ ፈቃዱን የሚገልጽበት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ትምህርት ይሆነናል፤ በሁለቱም ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሆኖ እውነቱን ይናገራልና። ነገር ግን ሁለተኛው ኑዛዜ ተናዛዡ ከሞተ በኋላ በሌላ ሰው አፍ ይነገራል። ይህ ሰው የኑዛዜ አስፈጻሚ ወይም የውርስ አጣሪ ይባላል። ለፍርድ ቤት ሲያመለክት የሚፈጽመው ቃለ መሐላ የዛሬው ትምህርታችን ነው።

አስቀድሞ፥ «ጌታችን ከቶ አትማሉ ብሎ ሳለ ክርስቲያን እንዴት ይምላል?» የሚሉ ምእመናን አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጌታችን በተራራው ስብከት (ማቴ. 5፥33-37) ንግግራችን አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን አዝዟል፤ ይህም ያለ መሐላ የሚታመን አንደበት እንዲኖረን ነው። ሐዋርያው ደግሞ (ዕብ. 6፥16) መሐላ በሰዎች መካከል የክርክር መጨረሻ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራትና ዳኛ ሲጠይቅ እውነትን በፍርሃት ማጽናት አንድ አይደሉም። በገበያችን «ማርያምን ከዚህ በታች አልሸጥም» ብሎ ወዲያው ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ከንቱ መሐላን ለምላሱ አስለምዶታል። እንዲህ ያለው ሰው በችሎት ፊት በቆመ ቀን መሐላው ከለመደው የገበያ ቃል እንዳይለይበት እንፈራለታለን።

ያዕቆብ በግብፅ ሊሞት በቀረበ ጊዜ ልጁን ዮሴፍን ጠርቶ በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው አስማለው (ዘፍ. 47፥29-31)። ዮሴፍ በዚያ አገር ባለሥልጣን ነበር፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ አባቱን በግብፅ በታላቅ ክብር ቢቀብረው ማንም ባልከሰሰው ነበር። እርሱ ግን መሐላውን ለፈርዖን አስታውቆ ፈቃድ ጠየቀ፥ ወደ ከነዓንም ወጥቶ ቃሉን ፈጸመ (ዘፍ. 50፥4-13)። ኋላም ዮሴፍ ራሱ የእስራኤልን ልጆች ስለ አጥንቱ አማላቸው፤ ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ ያን አጥንት ይዞ ወጣ (ዘፀ. 13፥19)፥ በሴኬምም ተቀበረ (ኢያ. 24፥32)። መሐላው የማሉትን ሰዎች ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ደረሰ። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ የሞተ ሰው አደራውን ተከራክሮ ማስመለስ ስለማይችል ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን አደራ በዝርዝር ሠርቶታል። ፍትሐ ነገሥት በሁለተኛው ክፍሉ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሟቹ ፈቃዱን እንዲፈጽም በኑዛዜው የሾመውን ሰው የውርስ አጣሪ ያደርገዋል። ሥራውም ኑዛዜ መኖሩን መመርመር፥ ውርሱ ለእነማን እንደሚደርስ መለየት፥ ንብረቱን መጠበቅ፥ ዕዳውን መክፈልና የኑዛዜውን ቃል መፈጸም ነው። አከፋፈሉም ተራ አለው፤ የቀብር ወጪ፥ የማጣራቱ ወጪ፥ የሟቹ ዕዳ፥ የቀለብ ዕዳ፥ ከዚያም የኑዛዜ ስጦታ ይከተላል። ይኸው ሕግ በጋብቻ ውስጥ በተወለደና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መካከል በውርስ ልዩነት አያደርግም። ኑዛዜን ሆን ብሎ ያጠፋ፥ የሰወረ ወይም የለወጠ፥ ሐሰተኛ መሆኑንም እያወቀ የተጠቀመበት ሰው ለመውረስ የማይገባ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በፍርድ ነገር የሐሰት ቃል የሚሰጠውን ይቀጣል።

ይህን ሁሉ ወደ መርካቶ እናምጣው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ፥ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፥ በሸማ ተራ፥ በበርበሬ ተራ፥ በቆርቆሮ ተራና በምናለሽ ተራ ብዙ ሀብት በመተማመን ሲዘዋወር ኖሯል። ዕቃ በዱቤ ይወሰዳል፤ እቁብ ይጣላል፤ ሽርክና ያለ ውል ይመሠረታል፤ ገንዘብ በአደራ ይቀመጣል። የዚህ ሁሉ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አንድ ደብተርና የባለቤቱ ልብ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ልቡ ይዘጋል፤ ደብተሩም በአስፈጻሚው እጅ ይገባል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሞተ እንበል። የበኵር ልጁን ኑዛዜ አስፈጻሚ አድርጎታል። ልጁ ደብተሩን ቢገልጥ አባቱ ከገጠር ነጋዴ በዱቤ ያመጣው በርበሬ ገና አልተከፈለም፤ ባለዕዳነቱንም ከእርሱ በቀር የሚያውቅ በቤቱ የለም። ደግሞም አባቱ በወጣትነቱ ከጋብቻ ውጭ የወለዳት አንዲት ሴት ልጅ በሩቅ አገር ትኖራለች፤ በልቅሶው ቀን ከደጅ ቆማ አልቅሳ ሄዳለች። በማመልከቻው የሟቹ ልጆች ስንት ናቸው ተብሎ ይጠየቃል። ወንድሞቹ «ሦስት ነን በል፤ እናታችንን አታሳፍር» ይሉታል። ምስክሮችም አይታጡም። ልጁ ሦስት ብሎ ቢምል በአንድ ቃል ሦስት ሰው ይበድላል፤ እኅቱን ይክዳል፥ አባቱን ከሞተ በኋላ ሐሰተኛ ያደርገዋል፥ የራሱንም ነፍስ ያስይዛል። አራት ብሎ ቢምል ግን ድርሻው ያንሳል፥ እናቱ ታዝናለች፥ ወንድሞቹ ይቆጡታል። የመሐላ ፈተናው ይህ ነው፤ የሚጎዳንን እውነት ያለ ጠያቂ መናገር።

«አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው» ይባላል። ነቢዩ ዘካርያስ ግን (5፥1-4) ሲበር ያየው የእርግማን መጽሐፍ በስሙ በሐሰት ወደሚምለው ሰው ቤት ይገባል፥ እንጨቱንና ድንጋዩንም ይፈጃል። በሐሰት መሐላ የተያዘ ሱቅ ከነመደርደሪያው ከዚህ ቃል በታች ነው። ጌታችንም አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ይነግርለት ዘንድ በለመነው ጊዜ (ሉቃ. 12፥13-15) አካፋይ ዳኛ መሆንን አልተቀበለም፤ ከመጐምጀት ሁሉ እንድንጠበቅ ግን አስጠነቀቀ። ዳኛ ንብረቱን ይከፍላል፤ ስስትን ከልብ ማውጣት የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ የሚምል ሰው ከመማሉ በፊት ይመርምር፤ ደብተሩን ይቍጠር፥ የእቁቡን ዳኛና የገበያ ጎረቤቶችን ይጠይቅ፥ የሟቹን ልጆች ሁሉ በስማቸው ይጥራ። ያላረጋገጠውን አውቃለሁ አይበል። ከማለ በኋላም የተሰወረ ዕዳ ወይም ወራሽ ቢገኝ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሶ ያስታውቅ፤ መሐላው በፊርማው ቀን አላለቀምና።

ካህናት አባቶቻችን ደግሞ ሁለቱን ኑዛዜ እንዳያደባልቁ እንለምናለን። የንስሐው ምሥጢር በሕይወትም በሞትም አይገለጥም፤ ስለ ተሰወረ ልጅ ወይም ዕዳ በንስሐ የሰማ አባት በችሎት አውጥቶ አይናገርም። ነገር ግን በሽተኛው ገና አንደበቱ ሳይታሰር፥ «ይህን በምስክር ፊት አንተው ራስህ ተናገር፤ ሸክሙን በልጅህ መሐላ ላይ አትጣል» ሊለው ይገባል። እንዲህ ከሆነ አባት ልጁን ከፈተና ያድነዋል፤ ልጅም እጁን አንሥቶ ሲምል የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።